እትዬ ብርቄ፣ ይማርዎት

ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የማደርገው አፍንጫዬን ለበሩ መስጠት ነው። በሩ ላይ የጎማ ከንፈር ያላት ቀዳዳ አለች። አፍንጫዬን አስገብቼ በረጅሙ እተነፍሳለሁ፤ በሩ ጥቂት ያስብና አረንጓዴ ይሆናል። አረንጓዴ ከሆነ ወተቱ ወደ ከተማ ይሄዳል። ቢጫ ከሆነ ወተቱ ይደፋል። ቀይ ሆኖ አይቼው አላውቅም፤ ቀይ ያየ ሰው ሲያወራም ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ወደ ግመሎቼ እወጣለሁ።

አሥራ አራት ናቸው። የምንኖረው ከአረርቲ በታች፣ ድሮ የምንጃር ነጭ ጤፍ ይዘራበት በነበረው ሜዳ ላይ ነው። ዝናቡ ከከዳን ወዲህ ጤፉ ወደ ደጋ ሸሸ፤ ላሞቹም ተከተሉት፤ ግመሎቹ ከቆላ መጥተው ቦታውን ያዙ። አያቴ የግመል ወተት በአፏ ሳይዞር ነው የሞተችው። ነውር ነበር፤ የእኛ ምግብ አይደለም ይባል ነበር። እናቴ አፍንጫዋን ይዛ ጀመረችው። እኔ ሌላ ወተት አላውቅም።

ሥራዬ ተጋሪ ይባላል። ትንፋሽ እጋራለሁ ማለት ነው። ሕጉ አጭር ነው፦ አንድ መንጋ፣ አንድ ሰው። ከእነዚህ ግመሎች ጋር አንድ አየር የምተነፍሰው እኔ ብቻ ነኝ። ሌላው ሰው ሁሉ ከመስታወቱ ግድግዳ ወዲያ ይቆማል፤ በመነጋገሪያው እናወራለን። ከግቢው መውጣት ብፈልግ በሩ እስኪያምነኝ ድረስ መጀመሪያ መውጫ ቤት ውስጥ እዘጋለሁ። ስለዚህ ብዙ አልወጣም።

ሰዎች ያዝኑልኛል። ማዘን አያስፈልግም። ልጅ ሆኜ ሱቅ ስላክ፣ ስኳር ስጠኝ ለማለት ወረፋው ሁሉ አልቆ ባለሱቁ ራሱ «አንተስ ምን ፈለግህ?» እስኪለኝ ነበር የምጠብቀው። መስታወቱ ተስማማኝ። ግመል ደግሞ ምን ፈለግህ ብላ አትጠይቅም።

ሕጉ የወጣው አባቴ በሞተበት ዓመት ነው። ያኔ ግመሎቹ በአንድ ጣሪያ ሥር በሺህ ይታጎሩ ነበር፤ አላቢዎቹም ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ እየተዘዋወሩ ያልቡ ነበር። የግመል ጉንፋን የሚባለው በሽታ ከኮሮና ዘመዶች አንዱ ነው። ግመሏ ንፍጧን አዝረክርካ፣ አንድ ሁለት ጊዜ አስነጥሳ ትድናለች። በሰው ላይ ግን እንደዚያ አይደለም። ከግመል ወደ አላቢ፣ ከአላቢ ወደ ቤቱ፣ ከቤቱ ወደ ገበያ ሄደ። አባቴ አላቢ ነበር። እናቴ በላስቲክ መጋረጃ ውስጥ ነው ያስታመመችው። ስለዚያ ጊዜ አታወራም። እኔን ልትጠይቅ ስትመጣ ግን ለግመሎቹ ጀርባዋን ሰጥታ ትቆማለች፤ በመስታወት በኩል እንኳ ልታያቸው አትፈልግም።

በግቢው መሐል ምሰሶ ላይ፣ እንደ ከተማው ምሰሶዎች ሁሉ፣ ጆሮ የምንለው መሣሪያ አለ፤ የሰማውን ለበሽታ መከላከያው ማዕከል ይልካል። የጆሮው ሥራ ሰው መታመሙን ከበሩ በፊት ማወቅ ነው። መጀመሪያ ማስነጠስ ይቆጥር ነበር አሉ። በምንጃር አቧራ ደግሞ የማያስነጥስ ማን ነው? በሳምንቱ አገሩ ሁሉ ታሞ ተገኘ። በኋላ አንድ ብልህ ሰው መላ አመጣ፦ ማስነጠሱን ተዉት፤ «ይማርህ» የሚለውን ቁጠሩ። አቧራ ለሚያስነጥሰው ሰው ማንም ይማርህ አይልም። ይማርህ የሚባለው ላልታሰበው ማስነጠስ ነው፤ ይህን ደግሞ ከማሽን ይልቅ አጠገብ ያለ ሰው ያውቃል። መላው ሠራ። ችግሩ፣ ሰዎች ይህን ሲያውቁ ይማርህ ማለት ተዉ። አሁን አረርቲ ውስጥ አንድ ሰው ሲያስነጥስ አጠገቡ ያለው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንድ እርምጃ ወደኋላ ይላል። ያስነጠሰውም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ይመልሳል። ልጆቹ ሌላ ዓይነት ሰላምታ መኖሩንም አያውቁም።

እኔ ግን ብቻዬን ነው የምኖረው። ጆሮው ምን እንደሚለቅም ከረሳሁት ቆይቻለሁ።

ከግመሎቹ አንዷ እትዬ ብርቄ ትባላለች። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ። እትዬ ብርቄ የምትባል ጎረቤት ነበረችን። ቅቤ ልትገዛ መጥታ፣ ቅቤውን አሽትታ፣ ሁላችንንም ቁልቁል አይታ ሳትገዛ ትሄድ ነበር። ግመሏም ዓይኗን ግማሽ ጨፍና፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ልክ እንደዚያ ነው የምታየኝ። ጎረቤታችንን አንቺ ማለት አይታሰብም ነበር። ግመሏንም አልቻልኩም።

አንድ ሰሞን እትዬ ብርቄ ምግብ ጠላች። ግመሎቹ የሚበሉት አንገታቸውን በቀለበት ውስጥ አስገብተው ነው፤ እነሱ ሲበሉ ቀለበቱ ትንፋሻቸውን ያነባል። እሷ ወደ ቀለበቱ አልጠጋ አለች። የግራር ፍሬ በእጄ ይዤ አባበልኳት፤ ከእጄ በላች። በማግሥቱም ከእጄ ካልሆነ አልበላም አለች። ከሌሎቹ ተነጥላ እኔ ደጃፍ መተኛትም ጀመረች። እንደዚያ ስትቀማጠል ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም። ከሰዓት በኋላ ፍሬውን ከመዳፌ እየለቀመች ሳለ ድንገት ፊቴ ላይ አስነጠሰች።

«ይማርዎት፣ እትዬ ብርቄ፣» አልኳት ፊቴን እየጠረግሁ።

ደገመች።

«ውይ፣ ይማርዎት። ብርድ መታዎት እንዴ? ይግቡ ወደ ጥላው።»

ቁልቁል አየችኝና መብላቷን ቀጠለች።

በማግሥቱ ጠዋት የወተት መኪናው መጣ። ሹፌሩ ጋሽ ከልክሌ ነው፤ ከአረርቲ እስከ ሞጆ ወተትና ወሬ የሚያመላልስ ሰው። ሌላ ቀን ከመኪናው ሳይወርድ «እህ፣ መነኩሴው!» ብሎ ጮኾ ይሄዳል። ያን ቀን ወርዶ መስታወቱ ላይ ተለጠፈ።

«አንተ! ማንን ነው የደበቅኸው?»

«ማንንም።»

«ማንንም! ጆሮው ሰምቷል እኮ። በበርህ ላይ የተለጠፈውን አታነብም?»

ዞሬ አየሁ። በሩ አረንጓዴ ነበር፤ ከሥሩ ግን እስከዚያ ቀን አይቼው የማላውቀው ጽሑፍ ይሮጣል፦ ሁለተኛ ሰው ሳይኖር አይቀርም፤ መርማሪ ይመጣል።

ጽሑፉን ደግሜ አነበብኩት። ሁለተኛ ሰው ማለት ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ያለፈው ፋሲካ ከእኛ በታች የነበረው ተጋሪ የዶሮ ወጡን አብረን እንብላ ብሎ እጮኛውን አስገባ። መንጋ ውስጥ ሁለተኛ ሰው ከተነፈሰ በሽታው ከየት ወደ የት እንደሄደ መከተል አይቻልም፤ ስለዚህ መንጋው ይወገዳል። የሱን ግመሎች በመኪና ወሰዷቸው። ግቢው እስከ ዛሬ ባዶ ነው።

«ጋሼ፣ ማንም የለም። እውነቴን ነው።»

«የለም በል፤ እኔም የለም እላለሁ። ግን የማዕከሉ ሰዎች እንደነገሩኝ ጆሮው እትዬ ስትላት ሰምቷል፤ አንቱ ስትላት ሰምቷል፤ ብርድ መታዎት ወይ ስትል ሰምቷል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጎበዝ ነህ አቦ። እኔ ደግሞ አፍ የለውም እያልኩ ስቦጭቅህ። የአረርቲ ናት?»

ለግመል ነው ያልኩት ማለት ነበረብኝ። ሦስት ቃል ነው። ነገር ግን ሰውየው ይህን ከሰማ እስከ ሞጆ በየመቆሚያው ሲያወራው፣ አላፊ አግዳሚው ሲስቅ ታየኝ። ዝም አልኩ። ዝምታዬን እንደ እሺታ ቆጥሮት እየሳቀ ሄደ።

መርማሪዋ ሳትደርስ እናቴ ደረሰች።

የጥምቀት ነጠላዋን ለብሳለች። በእጇ አገልግል ይዛለች። እንደ ልማዷ ጀርባዋን ለግመሎቹ አልሰጠችም፤ በትከሻዬ ላይ አሻግራ ቤቴን ነበር የምታየው።

«የት አለች?»

«ማን?»

«አታሳፍረኝ፣ አንዳርጌ። እናትህ ነኝ።»

«እማዬ፣ ማንም የለም።»

«በዕድሜ ትበልጠዋለች አሉኝ። ብትበልጥህስ? እኔም አባትህን እበልጠው ነበር፤ አንድ ቀን ሲያማርር ሰምተሃል?» ወደ መነጋገሪያው ተጠግታ ወደ ቤቴ አቅጣጫ ጮኸች። «የኔ እመቤት! አትፈሪ! እኔ ክፉ አማት አይደለሁም! ብቅ በይ ልይሽ!»

ከቤቴ ጀርባ እትዬ ብርቄ እያመነዠከች ብቅ አለች። እናቴን ቁልቁል አየቻት። እናቴ ፊቷን ዞር አደረገች።

«እማዬ፣ ሰው አለ ከተባለ እኮ ግመሎቹን ይወስዷቸዋል። ሁሉንም።»

«ይውሰዷቸው!» አለች። ወዲያው ግን ለሰለሰች። «ልጄ፣ ወሬውን ስሰማ እግሬ መሬት አልነካም። ቤት ውስጥ ሰው አለው አልኩ። ቢያስነጥስ ይማርህ የሚለው፣ ቢተኛ ተነሣ የሚለው ሰው አለው አልኩ። ሌላው ይቅር።»

እናቴን ያን ያህል ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። ያን ደስታ ወስጄ በምትኩ ግመል ልሰጣት አፌ እምቢ አለኝ። ግመሎቼ ሊታረዱ ነው፤ እኔ ግን እንደ ሱቁ ወረፋ ቆሜ ነበር።

መርማሪዋ ዶክተር ሐመልማል ትባላለች። የራሷን አየር በጀርባዋ አዝላ፣ ከእግር እስከ ራሷ ነጭ ልብስ ለብሳ፣ ፊቷን በመስታወት ሸፍና ገባች። ቤቴን ዞራ አየች። አልጋዬን ገለጥ አደረገች፤ ከመደርደሪያው ላይ ዕቃዬን አነሣች።

«አንድ ሳህን፣ አንድ ኩባያ፣ አንድ ትራስ፣» አለች ስትወጣ። «ወይ በጣም ትዋደዳላችሁ፣ ወይ ማንም የለም።»

«ማንም የለም፣ ዶክተር።»

«ታዲያ ይማርዎት ያልከው ለማን ነው?»

መሬት መሬት አየሁ።

ከኪሷ ትንሽ ዕቃ አውጥታ ነካችው። የራሴ ድምፅ በግቢው ውስጥ ተሰማ፦ ውይ፣ ይማርዎት፤ ብርድ መታዎት እንዴ? ይግቡ ወደ ጥላው። ድምፄ እንደዚያ የሚለሰልስ አይመስለኝም ነበር። ከመስታወቱ ወዲያ እናቴ «እሰይ፣ አንቱ ይላታል፤ አክባሪ ነው» ስትል ሰማኋት። ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ።

«ስማኝ፣ አንዳርጌ፣» አለች ዶክተሯ ቀስ ብላ። «እኔ ልጎዳህ አልመጣሁም። ዝም ካልከኝ ግን የማሳውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሁለተኛ ሰው አለ፣ አልተገኘም። ከዚያ መኪናው ይመጣል። አሥራ አራቱም ይሄዳሉ። ገባህ?»

ገብቶኛል። አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም።

ይህን ጊዜ እትዬ ብርቄ ነጩን ልብስ ልታሸት አንገቷን ሰደደች። አሸተተችው። አልወደደችውም መሰለኝ፤ አፍንጫዋን ነፋችና በዶክተሯ የፊት መስታወት ላይ በሙሉ ኃይሏ አስነጠሰች።

«ይማርዎት፣ እትዬ ብርቄ!» አልኩ።

ሳላስበው ነው ያመለጠኝ። ዶክተሯ በንፍጥ በተጋረደው መስታወት ውስጥ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ግመሏን አየች።

«እሷ ናት እትዬ ብርቄ?»

«አዎ።»

«ግመሏን አንቱ ነው የምትላት?»

«ሌላ ማለት አይቻልም፣ ዶክተር። ይዩዋት እስቲ።»

እትዬ ብርቄ ቁልቁል አየቻት። የዶክተሯ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከዚያ ሳቋ በልብሷ ውስጥ አስተጋባ። ከመስታወቱ ወዲያ እናቴ አገልግሏን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ለግመል ነው?» አለች። «እኔ ነጠላ አውጥቼ፣ ዳቦ ደፍቼ የመጣሁት ለግመል ነው?»

«ይቅርታ፣ እማዬ።»

«ምነው ዝም ባልክ! አሁንም ዝም ብትል ይሻለኝ ነበር!»

ዶክተሯ መሳቋን ድንገት አቆመች። የፊት መስታወቷን በጣቷ ጠርጋ ጣቷን አየች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታስነጥሰው?»

«ከትናንት።»

«ቀለበቱ ለምን አላነበባትም?»

«ከእጄ ነው የምትበላው። እምቢ ስላለች…» የሠራሁት ነገር ያኔ ነው የገባኝ።

ዶክተሯ አልተቆጣችም። ከሁላችንም አፍንጫ ናሙና ወሰደች፤ ከአሥራ አራቱ ግመሎችና ከእኔ። ይዛው ከመጣችው ሣጥን አጠገብ ቁጢጥ ብላ ጠበቀች። እናቴ አልሄደችም። ነጠላዋን ራሷ ላይ ጥላ ከመስታወቱ ወዲያ መሬት ላይ ተቀመጠች።

የእትዬ ብርቄ ናሙና ቢጫ ሆነ። የግመል ጉንፋን ነው። ተነጥላ ትተኛ ስለነበር የአሥራ ሦስቱ አረንጓዴ ነበር። የእኔም አረንጓዴ ነበር።

«ለጊዜው፣» አለች ዶክተሯ ወደ እኔ እያየች። «ፊትህ ላይ አስነጥሳለች። ከዛሬ ጀምሮ አሥራ ሦስቱ ጋር አትደርስም። አንተና እሷ ወደ ማገገሚያው ክፍል ትገባላችሁ፤ እሷም በጊዜዋ ይለቃታል። ዋናው ችግር አሥራ ሦስቱ ናቸው። ዛሬ ማታ የሚያልባቸው ተጋሪ ከየት አመጣለሁ? ነፃ የሆነ ሰው በወረዳው ውስጥ የለኝም። ሰው ካልተገኘ…»

«ይወሰዳሉ፣» አልኩ።

«ይወሰዳሉ። አዝናለሁ። እሷም አብራ ትሄዳለች፤ አንዲት ግመል ብቻዋን ማቆየት አይፈቀድም።»

አሥራ ሦስቱ በቀለበቶቻቸው ውስጥ አንገታቸውን አስገብተው ገለባ ይቆረጥማሉ። በስም አንድ በአንድ አየኋቸው። ልለምናት ፈለግሁ፤ ግን ልመናው ማንን ያመጣል?

«እኔ እገባለሁ፣» አለ ከመነጋገሪያው የመጣ ድምፅ።

እናቴ ቆማለች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ እያሰረች ነበር።

«እማዬ፣ አይሆንም። አንቺ ግመል ማየት እንኳ…»

«አንተ አሁን ዝም በል፤ ቅድም ስትችልበት ነበር።» ወደ ዶክተሯ ዞረች። «እኔ ጤነኛ ነኝ። ቤቴ ማንም የለም። የሚጠብቀኝ ድመት እንኳ የለም። ተጋሪ ለመሆን ትምህርት ያስፈልጋል?»

«አያስፈልግም፣ እማማ። ግን አንዴ ከገቡ መውጣት ቀላል አይደለም። ደግሞ በሽታው ምን እንደሆነ ያውቃሉ?»

«ከአንቺ ይልቅ አውቀዋለሁ፣ ልጄ። አባቱን በላስቲክ ውስጥ ነው የሸኘሁት፤ እጁን ሳልይዝ። ልጁን ደግሞ በመስታወት ውስጥ እያየሁ ላረጅ ነው። እዚያ ማዶ ቆሜ ምን አተረፍኩ? ገበያ ብሄድ አቧራው ሲያስነጥሰኝ ሰዉ ሁሉ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ይሸሸኛል። ክፈቱልኝ።»

አፍንጫዋን ለበሩ ሰጠች። በሩ አሰበ። አረንጓዴ ሆነ።

ማገገሚያው ከዋናው ግቢ የሚለየው በመስታወት ነው። እኔና እትዬ ብርቄ በዚህኛው በኩል፣ እናቴና አሥራ ሦስቱ በዚያኛው በኩል ሆንን። የመጀመሪያው ቀን እንዴት እንዳለፈ እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው። ማለቢያ መሣሪያ አለን፤ ግመል ግን መሣሪያ ብቻ ሲነካት ወተቷን ትይዛለች። መጀመሪያ ጥጃዋ መጥባት አለባት፤ ከዚያ የሰው እጅ፤ ከዚያ ነው መሣሪያው። በእጅ የሚታለበው ደግሞ ቆሞ ነው፤ አንዱን እግር አጥፎ፣ ዕቃውን ጭኑ ላይ አስደግፎ።

«በአንድ እግር ልቁም? በዚህ ዕድሜዬ?»

«ግራውን እጠፊው፣ እማዬ። ዕቃውን እዚያ ላይ። እንደዚያ!»

«ወፍ አደረግኸኝ እኮ! ቁሚ አንቺ ረጃጅም! ወዴት ትሄጃለሽ? ዘወር በይ ብያለሁ፤ እግሬን ረገጠችኝ!»

መስታወቱን ተደግፌ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ። እሷም ሰድባ ሰድባ ሲያልቅባት ሳቀች። በመጀመሪያው ቀን ከወተቱ የሚበልጠውን ነጠላዋ ጠጣው።

ከዚያ በኋላ ጥቂት ቀን የእኔ በር ቢጫ ሆነ። ትኩሳት ነበረኝ፤ ደረቴ ላይ ድንጋይ የተቀመጠ ይመስል ነበር። እናቴ ከመስታወቱ ወዲያ በርጩማ አምጥታ ተቀመጠች። ግመሎቹን ለማለብ ካልሆነ አትነሣም ነበር። ሳስል ፊቷ አመድ ይመስላል። ሳስነጥስ ግን በመነጋገሪያው «ይማርህ!» ብላ ትጮኻለች፤ ጆሮው ይመዘግበዋል፤ ከማዕከሉ ይደውላሉ። «አዎ፣ አስነጠሰ! አዎ፣ ይማርህ አልኩት! ገና እላለሁ!» ትላቸዋለች። ሕመሙ እንደ አባቴ አልጠናብኝም። ዶክተሯ ቶሎ ስለተደረሰበት ነው አለች፤ መድኃኒቱን የጀመርኩት ገና ትኩሳቱ ሳይነሣ ነበርና። ሌላ ጊዜ የሚደርሱበት ግማሹ መንጋ ከታመመና ተጋሪው ከወደቀ በኋላ ነው።

ይህን ማዕከሉም አስቦበታል። አሁን አዲስ መመሪያ አለ፦ ማንኛውም ተጋሪ እንስሳው ሲያስነጥስ ጆሮው በሚሰማው ድምፅ ይማርህ ወይም ይማርሽ እንዲል። ግመል ብቻ አይደለም፤ በደጋ ያሉት የላምና የዶሮ ተጋሪዎችም ታዘዋል። ጋሽ ከልክሌ እንደነገረን አንዳንዱ እንደ ስም ጥሪ ነው የሚጠራው፤ ሞጆ አጠገብ ያለ አንድ ሰነፍ ደግሞ እንዳይረሳ ብሎ ጠዋት ላይ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ይማራችሁ ብሎ ይተኛል አሉ። ለዶሮ ይማርሽ ሲባል መስማት መጀመሪያ ያስቃል። ከዚያ ሰው ይለምደዋል። ከተማ ውስጥ ለሰው የሚለው ግን እስካሁን የለም።

ዶክተር ሐመልማል ደግሞ ለእኛ ግቢ ሌላ ነገር አስፈቀደች። አንድ መንጋ፣ አንድ ሰው የሚለው ለሙከራ አንድ መንጋ፣ አንድ ቤት ተባለ። በአንድ ቤት የሚኖር ሰው ትንፋሹ አንድ ነው ብላ ተከራከረችልን መሰለኝ።

ትናንት ጠዋት አፍንጫዬን ለበሩ ሰጠሁ፤ አረንጓዴ። እትዬ ብርቄ በስንት ልመና አንገቷን በቀለበቱ አስገባች፤ አረንጓዴ። በመሐላችን ያለው መስታወት ወደ ጎን ተንሸራተተ።

እናቴ አንዲት ጥጃ በገመድ ይዛ ቆማ ነበር። ቀረበችኝ፤ አንገቴ ሥር አፍንጫዋን አስገብታ በረጅሙ ሳበች።

«ግመል ግመል ትሸታለህ፣» አለች።

«አንቺም።»

የነጠላዋን ጫፍ አንሥታ አሸተተች። ትንሽ አሰበች።

«ይሁን፣» አለችና ገመዱን በእጄ አስያዘችኝ። «በል ይህችን ያዝልኝ፤ ትራገጣለች።»